«ለጊዜው ነው» ብላ የሄደች ነርስ፤ በውጭ አገር ሙያን እንደገና ስለመጀመር የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን እንደተመዘገበ

ከኢትዮጵያ ወደ ጀርመን ለነርስነት የሚሄዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ቪዛና ስለ ቋንቋ ፈተና ነው። ከደረሱ በኋላ ስለሚመጡት አራትና አምስት ዓመታት የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ይህ ጉዳይ የሚያሳየው ያንን ጊዜ ነው። ባለጉዳይዋ ወደ 30 ዓመት ሲጠጋት የሄደች፣ አገር ቤት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሠራች ነርስ ናት። እኔ ጀርመን ውስጥ በጤና ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቻለሁ። ወረቀቶቿን በማየትና ለፈተና በማዘጋጀት አግዣታለሁ።

ጽሑፉ የተዘጋጀው በፈቃዷ ነው። ረቂቁን አንብባ ሁለት ቦታ አስወጥታኛለች። ስሟ፣ ከተማዋና የሠራችባቸው ሆስፒታሎች አልተጠቀሱም። «ዓ.ም.» ከተባለውና ከአዋጅ ቁጥሮች በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ባለጉዳይዋ በ2006 ዓ.ም. በነርስነት በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቃ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ስድስት ዓመት ሠርታለች። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ያሳለፈችው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ሌሊት ላይ የክፍሉ ሸክም በእሷና በአንድ ባልደረባዋ ትከሻ ላይ ነበር። አይቪ (የደም ሥር መስመር) ትከፍታለች፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ታስገባለች፣ ሞኒተሩ ከመጮሁ በፊት የበሽተኛውን ፊት አይታ ሐኪም ትጠራለች። አዳዲስ ነርሶች ሲመደቡ የሚሰጡት ለእሷ ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ እናቷንና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን የምትረዳው እሷ ናት።

የሄደችው ለገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘቡም ግን ቀላል ምክንያት አልነበረም። ዕቅዷ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ በጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ ስፔሻላይዝ አድርጌ እመለሳለሁ። የዚህን ዕቅድ መዘዝ ወደ በኋላ እናየዋለን።

ጀርመን ውስጥ ነርስነት በአብዛኛው የሦስት ዓመት የሙያ ሥልጠና ነው። ዛሬ የሚሠራበት የነርስነት ሕግ የጸናው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነው። ሰልጣኙ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እየተመላለሰ ይማራል፤ በመጨረሻ የመንግሥት ፈተና ይቀመጣል። ዲግሪ ይዞ የሚመጣ ሰው «እኔማ ከነሱ በላይ ተምሬያለሁ» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዕውቅና የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የሚያየው ግን የዲግሪውን ስም ሳይሆን በየትምህርቱና በየክፍሉ ያሳለፈውን ሰዓት ነው። ባለጉዳይዋ በ2020 መጨረሻ የደረሰችው ቢ1 የሚባለውን መካከለኛ የጀርመንኛ ደረጃ ይዛ፣ ለትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ተብሎ በሚሰጠው በመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 16ዲ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ሙሉ የነርስ ፈቃድ እስክታገኝ የምትቀጠረው በረዳትነት ነበር።

ወረቀቱ

ዕውቅናውን የሚሰጡት የክፍለ ግዛቶቹ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ጀርመን 16 ክፍለ ግዛቶች አሏት፤ አንዱ የማይጠይቀውን ወረቀት ሌላው ይጠይቃል። ስለዚህ «ለጓደኛዬ እንዲህ አድርገውላታል» የሚለው ምክር በሌላ ክፍለ ግዛት ዋጋ የለውም።

የመጀመሪያው እንቅፋት ሰዓቱ ነበር። ትራንስክሪፕቷ ላይ ኮርሱና ክሬዲቱ ተጽፏል፤ በሕፃናት ክፍል፣ በቀዶ ሕክምና፣ በአእምሮ ሕክምና ስንት ሰዓት ተግባር እንደሠራች ግን የተጻፈ ነገር የለም። ከተማረችበት ተቋም ዝርዝር ደብዳቤ ለማግኘት ወራት ፈጀባት። ደብዳቤውን ያስጨረሰላት ወንድሟ ነው፤ እየተመላለሰ።

ሁለተኛው እንቅፋት ስምና ቀን ነው። ይህን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነውና። ዲፕሎማዋ ላይ የእሷና የአባቷ ስም አለ። ፓስፖርቷ ላይ የአያቷም ተጨምሯል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ ጋ የአባቷን፣ ሌላው ጋ የአያቷን ጽፋለች። የአባቷ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በትራንስክሪፕቱና በዲፕሎማው መካከል የአንድ ፊደል ልዩነት ነበረው። በዚህ ላይ የልደት ቀኗ ተጨመረ። የተወለደችው በኅዳር 1983 ዓ.ም. ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ላሉ ቀኖች ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስምንት ዓመት ይጨመራል። ስለዚህ ትክክለኛው 1990 ነበር። የመጀመሪያው ተርጓሚ በጅምላ ስምንት ጨምሮ 1991 አደረገው። ለመሥሪያ ቤቱ ይህ ሁሉ ሲደመር የሦስት የተለያዩ ሴቶች ወረቀት መሰለ።

መፍትሔው አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነበር። በየረድፉ አንድ ሰነድ፤ በሰነዱ ላይ ያለው ስም እንዳለ ከነስህተቱ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ልዩነት ካለ ምክንያቱ። ከሠንጠረዡ በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው በራሱ ስም እንደሚጠራና የአባት ስም የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ የሚያስረዱ አራት መስመሮች ተጻፉ። ትርጉሙ በቃለ መሐላ በሚሠራ ተርጓሚ ተደገመ፤ የተማረችበት ተቋም ሁለቱም አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን በደብዳቤ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማንነቷ የጠየቃት መሥሪያ ቤት የለም። ሠንጠረዡን እስካሁን ታያይዘዋለች፤ ለባንክም፣ ለጡረታ መዝገብም።

ውሳኔው ሲመጣ ትምህርቷ በከፊል ብቻ ተመጣጣኝ ነው የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ የደረሰው ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ የጎደለውን በማሟያ ሥልጠና ይሞላል፣ ወይ የዕውቀት ፈተና ይቀመጣል።

ዎርዱ ውስጥ

የተመደበችው በአንድ የውስጥ ደዌ ክፍል ነው፤ አብዛኞቹ ታካሚዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንዲት ባልደረባ «ኤር ኤር ለኪለት» አለቻት። ትምህርቷን በእንግሊዝኛ የተማረች ነርስ ይህን ምህጻረ ቃል የምታውቀው በአተነፋፈስ ቁጥር ነው። ሰዓቷን ይዛ የሰውየውን ደረት እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች፤ ወረቀቱ ላይም 18 ብላ ጻፈች። ጀርመን ውስጥ ይህ ምህጻር የደም ግፊት ነው፤ የግፊት መለኪያውን ከሠራው ከሪቫ ሮቺ ስም የመጣ። በደም ግፊት ረድፍ ላይ 18 የሚል ቁጥር ያየችው ባልደረባ ሮጣ መጣች። ሰውየው ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ኋላ ላይ ሁለቱም ስቀውበታል። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በማታ ቤቷ ስትገባ የክፍሉን ምህጻረ ቃላት አንድ በአንድ በደብተር መጻፍ ጀመረች። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ የሰጣት ቢ1 ስለ ጉዞና ስለ አካባቢ ጥበቃ ማውራት አስችሏታል፤ ማለዳ ላይ የሌሊቱ ፈረቃ እያዛጋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሙሉ ክፍሉን ሲያስረክብ ግን አልረዳትም።

ከቋንቋው የከበዳት የሥራው ዓይነት ነው። አገር ቤት በሽተኛን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው። ነርሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ አይቪ ትከፍታለች፣ ትከታተላለች። ጀርመን ውስጥ አስታማሚ የሚባል የለም፤ ቤተሰብ በጠያቂነት ይመጣል፣ ይሄዳል። ማጠብ፣ ማብላት፣ ሽንት ቤት ማድረስ የነርስ ሥራ ነው። በአንጻሩ ደም መቅዳትና አይቪ መክፈት በልማድ የሐኪም ነው፤ ለነርስ የሚሰጠው በውክልና ነው። ስድስት ዓመት የሠራችበት እጇ ሥራ ፈታ። በዚያ ክረምት በስልክ ያለችኝን አልረሳውም፤ «ዶክተሩ ሦስት ጊዜ ሲስት ቆሜ አየሁ። እኔ በአንድ ጊዜ የማገኘው ሥር ነበር።»

አንድ ታካሚ ደግሞ «ሌላ ሰው ይምጣልኝ» ብሎ መለሳት። የፈረቃው ኃላፊ ገብታ ዛሬ የተመደበችልህ እሷ ናት፣ ሌላ የለም ብላው ወጣች። ያች አጭር መልስ ባትኖር ኖሮ በዚያው ወር ሥራውን ትለቅ እንደነበር ባለጉዳይዋ ትናገራለች። ብቻውን ደፋር መሆን የሚበቃው ሰው ጥቂት ነው፤ ኃላፊው ከጀርባ መቆሙ ነው ሰውን የሚያቆየው።

ፈተናው

በአካባቢው ያሉ ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ የመከሯት ማሟያ ሥልጠናውን እንድትመርጥ ነው፤ ፈተና የለበትም፣ በመጨረሻ ውይይት ብቻ ነው ብለው። እውነትነት አለው፤ ይረዝማል እንጂ። እሷ የዕውቀት ፈተናውን መረጠች። ምክንያቷ ፍጥነት ነበር፤ ሁለት ዓመት ውስጥ ልመለስ ያለ ሰው ረጅሙን መንገድ አይመርጥም።

ፈተናው የቃልና የተግባር ክፍል አለው። ቃሉን አለፈች። ተግባሩ ላይ ወደቀች። ፈታኞቹ የሰጡትን አስተያየት አይቼዋለሁ። የመድኃኒት ስሌቷ ትክክል ነበር፣ የፈሳሽ መቆጣጠሪያ ማሽኑን ያዘጋጀችበት ፍጥነት ተመስግኗል። የወደቀችው ሌላ ቦታ ነው። ብርድ ልብሱን ስትገልጥ አሮጊቷን አልጠየቀቻትም። አልጋውን ለጀርባዋ በሚስማማ ከፍታ አላስተካከለችም። የእንክብካቤ ዕቅዱን በጽሑፍ ስታቀርብ ምን እንደምትሠራ እንጂ ለምን እንደምትሠራ አልገለጸችም። ክፍሉን ለቃ ስትወጣ ደግሞ የነርስ መጥሪያው ደወል ከአልጋው ራስጌ ኋላ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አሮጊቷ እጇ አይደርስበትም።

ይህን አስተያየት መጀመሪያ የወሰደችው እንደ ክፋት ነበር። ለዝግጅቱ ከእኔ በላይ የረዳቻት በዕድሜ የገፋች የክፍሉ ነርስ ናት። በየማለዳው አንድ ታካሚ አብረው ያጥቡ ነበር፤ ሴትየዋ ግን ስለ ማጠብ አትናገርም፤ ትጠይቃለች። ተረከዙ ቀልቷል ወይስ ሁልጊዜም እንዲህ ነው? ጎኑን ስታገላብጪው ትንፋሹ ተለወጠ? ትላንት ማንኪያውን በራሱ ይዞ ነበር፣ ዛሬ ለምን ተወው? ባለጉዳይዋ አገር ቤት ለአስታማሚ የተተወው ሰዓት ስለ በሽተኛው ብዙ የሚታወቅበት ሰዓት መሆኑን ያየችው እዚያ ነው። የአልጋ ቁስል ሲጀምር የሚታየው፣ መዋጥ ያቃተው ሰው የሚለየው ሳሙናና ፎጣ በተያዘበት ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ሥራውን ዝቅ ያለ ነው ማለት አቆመች።

ፈተናውን በድጋሚ ተቀምጣ አለፈች፤ ቀጣዩን የቋንቋ ደረጃ ቢ2ንም እስከዚያ ያዘች። በ2022 ጸደይ የሙሉ ነርስ ፈቃድ ተሰጣት፤ መኖሪያ ፈቃዷም ወደ ባለሙያ ሠራተኛ፣ ማለትም ወደ አንቀጽ 18ኤ፣ ተለወጠ።

«ለጊዜው ነው»

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። በእኔ ግምት ከባዱ ጊዜ የተከተለው ነው፤ ደመወዝ አለ፣ ፈቃድ አለ፣ ሕይወት ግን የለም።

የምትኖረው አሁንም በሆስፒታሉ የሠራተኞች ማደሪያ ነበር፤ ሻንጣዋ ከአልጋው ሥር፣ ወጥ ቤቱ የጋራ። ለመጋረጃ የሚሆን ገንዘብ ማውጣት ብክነት ይመስላት ነበር፤ መሄዴ አይቀር እያለች። ትርፍ ፈረቃ የተባለውን ሁሉ ትይዛለች። ደመወዟ የሚላከው በስልክ ጥሪ ነው፤ አገር ቤት የደወለ ሰው ችግሩን ይናገራል፣ እሷ ትልካለች። የክፍሉ ኃላፊ ሰልጣኞችን የሚያስተምሩ ነርሶች የሚወስዱትን ሥልጠና አቅርባላት «እኔ እመለሳለሁ፣ ለሌላ ሰው ስጪው» ብላ መልሳዋለች። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለመዛወርም አላመለከተችም፤ እዚያ ለመልመድ ዓመት ይፈጃል በሚል። የሄደችበትን ዋና ምክንያት ራሱን ለጊዜው ነው በሚል ተወችው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከእጮኛዋ ጋር ተለያዩ። ርቀቱ ብቻ አልነበረም ትላለች፤ ከዚህ በላይ እንድጽፍ አልፈለገችም።

በ2023 በጋ ለእረፍት አገር ቤት ገባች። የቀድሞ ክፍሏን ጎበኘች። ያሠለጠነቻት ነርስ የክፍሉ አስተባባሪ ሆናለች። የራሷ የሙያ ፈቃድ የመታደሻ ጊዜው አልፏል፤ ለማደስ የሚያስፈልገውን የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናም አልወሰደችም። ልመለስ ብትል የምትመለሰው ወደ ነበረችበት ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ወዳለ ቦታ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ኖራ የራሷ የምትለው በር ቁልፍ አልነበራትም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከጉዞው መልስ ተቀምጠን የተነጋገርነው ትመለሻለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ በሚለው ላይ አልነበረም። ያ ጥያቄ ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ምንም አላስወሰናትም። ጥያቄውን ለወጥነው፤ ብትመለሺም ብትቀሪም የሚጠቅምሽ ምንድን ነው? በዚህ ወንፊት ሲያልፉ የቀሩት ነገሮች ብዙ አልነበሩም።

ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለመዛወር አመለከተች፤ በ2023 መጨረሻ ተዛወረች። እዚያ የአገር ቤት ልምዷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ አገኘ። ማሽን ሲበላሽ ሌሎቹ ቴክኒሻን ሲጠሩ እሷ አምቡ፣ ማለትም በእጅ የሚጨመቅ የማስተንፈሻ ከረጢት፣ ይዛ በሽተኛውን ታስተነፍሳለች፤ መብራት በሚጠፋበት ሆስፒታል የሠራ ሰው ያንን አይረሳም።

ቀጥሎ ቀድሞ የመለሰችውን ሥልጠና ጠየቀች። ጀርመንኛው ፕራክሲስአንላይተሪን ይለዋል፤ ሰልጣኞችን በተግባር የምትመራ ነርስ ማለት ነው። ለዚህ ቢያንስ 300 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ከዚያም በየዓመቱ 24 ሰዓት ማደሻ። ሕጉ የሰልጣኞች የተግባር ጊዜ ቢያንስ 10 በመቶው በእንዲህ ያለ ነርስ በታቀደ መንገድ እንዲመራ ያዛል። ስለዚህ ሆስፒታሎች እነዚህን ሰዎች አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። ሥልጠናውን በ2024 ጨረሰች። ዛሬ ከሌላ አገር የሚመጡ ነርሶችን ለተግባር ፈተና የምታዘጋጀው እሷ ናት። መጀመሪያ የምታሳያቸው የደወሉን ቦታ ነው።

በስሟ ትንሽ ቤት ተከራየች፤ ይህ ከጠበቅነው በላይ ጊዜ ወሰደ። ለአገር ቤት የምትልከውን በየወሩ በተወሰነ መጠን አደረገች፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ታላቅ ሕመም ካልሆነ ለሚቀጥለው ወር ይቆያል። እናቷ ተቀየመች፤ ለጥቂት ወራትም ስልኩ ቀዝቅዞ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ግን በዚያው ዓመት ሥራ ያዘ። ይህን ከመጠኑ መወሰን ጋር ላያይዘው አልችልም፤ እሷ ግን ታያይዘዋለች።

የጡረታ መዝገቧንም አየን። ጀርመን ውስጥ ለጡረታ የሚከፈለው ከደመወዝ 18.6 በመቶ ነው፤ ግማሹን ሠራተኛው፣ ግማሹን ቀጣሪው ይከፍላል። የጡረታ መብት የሚገኘው ቢያንስ 60 ወር ከተከፈለ ነው፤ የተገኘውም አገር ቤት ሆኖ ይከፈላል። በነርሶቹ ዘንድ የሚዘዋወረው ምክር «ስትመለሺ ገንዘብሽን ታወጫለሽ» የሚል ነበር። የሚመለሰው የሠራተኛው ድርሻ ብቻ ነው፤ ያም ከወጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ገንዘቡ ሲወሰድም እስከዚያ የተመዘገበው ሁሉ ይሰረዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ለዕድሜ ጡረታ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ እሷ ያላት ስድስት ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል የሁለቱን ዘመን የሚያዳምር የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት የለም። 60 ወሩን ሳትሞላ ብትወጣ በሁለቱም በኩል ያለ ጡረታ ትቀር ነበር። ይህ ቁጥር ከማንኛችንም ምክር በላይ አሳመናት።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ሠንጠረዡ ሠርቷል። ከአንድ ነባር ነርስ ጋር በሥራ ላይ መማር ከማንኛውም የፈተና መሰናዶ ኮርስ በላይ ሠርቷል። ወደምታውቀው ክፍል መዛወሯም እንዲሁ፤ ይህ በ2022 ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት ተኩል ትርፍ ነበር።

ያልሠራው የአገር ቤት ፈቃዷን ከሩቅ ለማሳደስ ያደረገችው ሙከራ ነው። በወንድሟ በኩል ማመልከቻ አስገባች፤ በአካል ቅረቢ ተባለች፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ከመሄዷ በፊት ብታሳድሰውና ሥልጠናዎቿን እየሰበሰበች ብትቆይ ይህ አይገጥማትም ነበር።

የመኖሪያ ፈቃዱ ቆጠራም አሳስቷታል። ባለሙያ ሠራተኞች ለቋሚ መኖሪያ የሚያመለክቱት ቀድሞ ከአራት ዓመት በኋላ ነበር፤ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ሦስት ሆኗል፤ ከ36 ወር የጡረታ ክፍያና ከቢ1 ቋንቋ ጋር። እሷ ከደረሰችበት ቀን ቆጥራ ጊዜው የሞላ መስሏት ነበር። የሚቆጠረው ግን የባለሙያ ፈቃዱ ከተያዘበት ቀን ነው፤ በ16ዲ የተቆየው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የሞላላት በ2025 ጸደይ ነው፤ ወረቀቱ በበጋው ደረሳት።

ስለ አካባቢው የኢትዮጵያውያን ስብስብ ፍርዴ የተቀላቀለ ነው። ቤት ያገኘላት ከእነሱ አንዱ ነው፤ ስትታመም ያስታመሟትም እነሱ ናቸው። ስለ ጡረታውና ስለ መኖሪያ ፈቃዱ የተሰጣት የተሳሳተ መረጃም በአብዛኛው የመጣው ከዚያው ነው። የሚወዱህ ሰዎች ሕግ ያውቃሉ ማለት አይደለም።

ለሌሎች የሚሆነው

ጉዳዩ የነርስ ቢሆንም መሐንዲስም መምህርም የሚወስደው ነገር አለው። ውጭ አገር ሲኬድ ሙያ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ርዝመቱ የሚወሰነው ሰውየው ያ ጊዜ ምን እንደሚያስተምረው በቶሎ በማየቱ ነው። ባለጉዳይዋ በማጠቢያው ሰዓት ያገኘችው ዕውቀት ዛሬ የምታስተምረው ትምህርት ሆኗል። ያ የሆነው ግን ነገሩን መናቅ ካቆመች በኋላ ነው። አገር ቤት ቆይታ ቢሆን ምናልባት የክፍል አስተባባሪ ትሆን ነበር፤ እንዲህ ያለች አስተማሪ ግን አትሆንም ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ ቤት የተፈጠረላትም በዓመት ብዛት አልነበረም። ሦስት ዓመት ኖራ እንግዳ ነበረች። የተለወጠው ሌሎች ሰዎች እሷን መጠየቅ ሲጀምሩ ነው፤ ሰልጣኞቹ፣ አዲስ የመጡት ነርሶች፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ። ሰው ቤቴ የሚለው የሚፈለግበትን ቦታ ይመስለኛል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ እሷ የኪራይ ውሉን ነው የምትጠቅሰው።

ሊሄድ ላሰበ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የምነግረው በመነሻው በኩል ያለውን በር ክፍት አድርጎ እንዲወጣ ነው። ፈቃድ ማደስ፣ የአገልግሎት ማስረጃ መያዝ፣ የትምህርት ሰዓት ዝርዝር ማጻፍ፣ የስም አጻጻፍ ማስተካከል በአካል ባሉበት ቀናት ይፈጃል፤ ከሩቅ ወራት፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይሆንም።

አሁን ያለችበት

አንድ የአገር ቤት የማስተማሪያ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ነርሶቹን ለአሥር ወር እንድታሠለጥን ጋብዟታል። ከሄደች ጀምሮ ስትመኘው የነበረው መመለስ ይህ ነው። ነገር ግን የጀርመን ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ባለቤቱ ከስድስት ወር በላይ ከአገር ሲወጣ ይቋረጣል፤ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀድሞ ረዘም ያለ ጊዜ ካልፈቀደለት በስተቀር።

ዜግነት ብትወስድ ይህ ገደብ አይመለከታትም። ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ ጀርመን ዜግነት ለሚጠይቅ የምታስቀምጠው የኑሮ ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ የቀድሞ ዜግነቱን እንዲተውም አትጠይቅም። እሷ አምስቱን ዓመት በ2025 መጨረሻ ሞልታለች። እንቅፋቱ በሌላው ወገን ነው፤ በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ሰዉ ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ያስችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይጨምርም። ስለዚህ አገር ቤት ገብታ ረጅም ጊዜ ለመሥራት የሚቀላት ፓስፖርቷን ብትለውጥ ነው። ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «አልተዘጋጀሁም» አለች።

የጽኑ ሕሙማን ስፔሻላይዜሽኑን፣ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን፣ ለሚቀጥለው ዙር አስተላልፋዋለች። የግብዣ ደብዳቤውን አያይዛ የስድስት ወሩ ገደብ እንዲራዘምላት ለውጭ ዜጎች ቢሮ አመልክታለች፤ መልሱን እየጠበቀች ነው። ካልተፈቀደ አሥሩን ወር ለሁለት ከፍላ፣ በመካከሉ ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ አምስት አምስት ወር ለመሄድ ከክፍሏ ኃላፊ ጋር ተስማምታለች።